ግርግሙን የከበበው ገበያ

በኢጣሊያ ናፖሊ ከተማ፣ ቮሜሮ በተባለው ኮረብታ ላይ፣ ሳን ማርቲኖ የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። የመነኮሳቱ ወጥ ቤት በነበረው ክፍል ውስጥ ከቡሽና ከእንጨት የተሠራ ተራራ ቆሟል። በተራራው ላይ የፈራረሰ ቤተ ጣዖት፣ ገደል፣ ደረጃና መጠጥ ቤት ይታያል። ከ150 በላይ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳት፣ ከላይ የሚንሳፈፉ መላእክትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕቃዎች ሰፍረውበታል፤ ሁሉም ሲደመር ወደ 800 ይጠጋል። የዚህ ሁሉ መነሻ በቤተ ልሔም የተወለደው ሕፃን ነው። ነገር ግን የትዕይንቱን ፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሕፃኑን ቶሎ አያገኘውም። መጀመሪያ የሚያየው የተሰቀለውን ሥጋ፣ የዓሣውን ቅርጫትና የሚበላውን ሰው ነው።

ይህን የገና ምስሎች ስብስብ በየቦታው ፈልጎ ያከማቸው ሚኬሌ ኩቺኒየሎ የተባለ አንድ ሰው ነው። አርክቴክት ነበር፤ ቴያትርም ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ስብስቡን ለሙዚየሙ ሰጠ፤ አቀማመጡንም ራሱ መራ። በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ምስሎች ስብስብ ሂስ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢ ማለት መራጭ ነው። ማንን ከፊት እንደሚያቆም፣ ማንን በጨለማ እንደሚተው፣ ማን ለማን ጀርባውን እንደሚሰጥ ይወስናል። ድራማ የሚጽፍ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የኩቺኒየሎን ሥራ የማየው በፎቶግራፍና በቪዲዮ እንደማውቀው፣ እንደ አንድ የገና ድራማ አድርጌ ነው።

ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። ኢጣሊያውያን እንዲህ ያለውን ትዕይንት «ፕሬሴፔ» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ግርግም ነው። የልማዱን መነሻ ብዙዎች እ.ኤ.አ. በ1223 የአሲዚው ፍራንሲስ ግሬቾ በተባለች መንደር ካደረገው ጋር ያያይዙታል። እርሱ ግን ምስል አልደረደረም፤ ድርቆሽ፣ በሬና አህያ አስመጥቶ ሰዎች የጌታን ልደት ድህነት በዓይናቸው እንዲያዩ አደረገ። ከ500 ዓመት በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ነገሩ በናፖሊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሌላ መልክ ያዘ። ንጉሥ ካርሎ እጅግ ይወደው ነበር፤ ንግሥት ማሪያ አማሊያም ከደንገጡሮቿ ጋር ሆና ለምስሎቹ ልብስ ትሰፋ እንደ ነበር ይነገራል። መኳንንቱም ተከትለው መፎካከር ጀመሩ። ታላላቅ ቀራጮች ሳይቀሩ የምስሎችን ራስ ይሠሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የተጋረደውን ክርስቶስ ከእብነ በረድ የቀረጸው ጁዜፔ ሳንማርቲኖ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ራሱ ከተቃጠለ ሸክላ ነው፤ ዓይኑ ብርጭቆ ነው፤ እጅና እግሩ እንጨት ነው። ገላው ግን ሽቦ ነው፤ በሽቦው ላይ ቃጫ ይጠቀለልበታል። በዚህ ምክንያት ምስሉ ይታጠፋል፣ ይንበረከካል፣ እጁን ይዘረጋል። ቁመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ራቅ ብለው የሚቆሙት ደግሞ እንዲያንሱ ሆነው ይሠራሉ፤ ይህም ተራራው ሩቅ እንዲመስል ነው። ልብሱ እውነተኛ ሐር፣ እውነተኛ ጥልፍ ነው። በእንዲህ ዓይነት ምስል ላይ አቋሙን የሚወስነው ሰብሳቢው ስለሆነ፣ ኩቺኒየሎ እያንዳንዱን ሰው በእጁ አጥፎ «አንተ ወደዚህ ተመልከት፣ አንቺ ወደዚያ» ሊለው ይችል ነበር።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ በዘጸአት 20 ስለ ተቀረጸ ምስል የተሰጠውን ትእዛዝ እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አላልፈውም። ትእዛዙ የሚናገረው ስለ መስገድና ስለ ማምለክ ነው። በናፖሊ አዳራሾች የነበረው ፈተና ግን በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ይመስለኛል። እንግዳ ተጠርቶ ይመጣል፣ ሐሩን ያደንቃል፣ ትንሿን የዓሣ ቅርጫት ያደንቃል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ማንም አይንበረከክም፤ ማንም አይጨነቅም። በገና ሰሞን በሱቆቻችን ከሚሸጡት ከውጭ የመጡ የፕላስቲክ በረቶች ጋርም የምጣላው በዚህ ነው። ሁሉም ፈገግ ይላሉ፣ ሁሉም ንጹሐን ናቸው፤ በጉ እንኳ የታጠበ ነው። እንዲህ ያለ ልደት ማንንም አያስደነግጥም፤ ሄሮድስ በዚህ ምክንያት ሕፃናት ያስገድላል ብሎ የሚያምንም የለም።

ኩቺኒየሎ ትዕይንቱን በሦስት ክፍሎች አዋቅሮታል፦ መላእክት ለእረኞች ሲያበሥሩ፣ በመካከል በፈራረሰው ቤተ ጣዖት ዓምዶች ሥር ልደቱ፣ በሌላው በኩል መጠጥ ቤቱ። ፍርስራሹ አሮጌው አምልኮ በሕፃኑ መምጣት እንደ ወደቀ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ደግሞም የዘመኑ ፋሽን ነው፤ ከናፖሊ አጠገብ የሄርኩላኒየምና የፖምፔይ ቁፋሮ የተጀመረው በዚያው መቶ ዘመን ነውና። እኔን የያዘኝ ግን መጠጥ ቤቱ ነው።

ሉቃስ 2፥7ን አስቡ። ማርያምና ዮሴፍ በእንግዶች ማረፊያ ቦታ አላገኙም፤ ወንጌላዊው ከዚህ በላይ አይናገርም። የማረፊያው ባለቤት አይጠቀስም፤ በር የሚዘጋ ሰው የለም፣ የሚቆጣ ሰው የለም። በድራማዎቻችን ግን ሁልጊዜ አንድ ክፉ ባለ ሆቴል እንፈጥራለን፤ ድምፁ ወፍራም የሆነውን ልጅ እንመርጥና እንዲጮህ እናደርገዋለን። ታዳሚው ይጠላዋል፤ በዚያም ነገሩ ያበቃል። የናፖሊው መጠጥ ቤት ባለቤት ክፉ አይደለም። ሥራ በዝቶበታል። ደንበኞች አሉት፣ ወይን መቅዳት አለበት፣ ሥጋው እንዳይበላሽበት መሸጥ አለበት። (በአይሁድ ከተማ በቤተ ልሔም የአሳማ ሥጋ መሰቀሉ ያስቀኛል። ናፖሊዎች ቤተ ልሔምን ወደ ሰፈራቸው አምጥተውት የለም እንዴ!) ጥቂት እርምጃ ቀርቶት ጌታ ተወልዷል፤ እርሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሒሳብ ይቀበላል።

ይህ የስብስቡ ትልቁ ጥንካሬ ነው። በምስሎቹ ዘንድ ታሪኩ ገና አላለቀም። ወሬው የደረሳቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ይነግዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። በናፖሊ ልማድ ቤኒኖ የሚባል እረኛ አለ፤ መላእክት ሲያበሥሩ እርሱ ተኝቷል። እውነቱን ለመናገር በእኛ የገና ድራማ ውስጥ ተኝቶ የሚቀር እረኛ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ መልአኩ ገና አፉን ሳይከፍት ይንበረከካል። መጨረሻውን ያውቁታልና አይፈሩም። ሉቃስ ግን እረኞቹ እጅግ እንደ ፈሩ ይነግረናል፤ ማርያምም ነገሩን በልቧ ታሰላስለው ነበር እንጂ ሁሉንም ተረድታ አልጨረሰችም። ይህን የምታነቡ ጸሐፊዎች ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ድራማችሁ ውስጥ ምንም የማያውቅ አንድ ሰው ጨምሩ። መብራት የሚጠግን፣ ዳቦ የሚሸጥ፣ ስለ ሕፃኑ እስከ መጨረሻው የማይሰማ ሰው ይሁን። ታዳሚው «እዚያው ነው እኮ!» ብሎ ሊጮህበት እስኪፈልግ ድረስ ተዉት።

ጥንካሬው ይህ ከሆነ፣ ድክመቱን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። የናፖሊ ፕሬሴፔ ድሆችን ይወዳል። ለማኝ አለ፤ አንካሳ አለ፤ አንገቷ ላይ እንቅርት ያበጠባት አሮጊት አለች። ቀራጮቹ እንቅርቱን፣ የወለቀውን ጥርስ፣ የተቀደደውን ሸሚዝ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ሠርተውታል። ግን ለማን ነው የተሠራው? የተቀደደውን ሸሚዝ ከጥሩ ጨርቅ አስቀድደው ያሰፉት ሰዎች በበራቸው ላይ የቆመውን ለማኝ በየቀኑ ያዩት ነበር። ሸክላው ለማኝ አዳራሽ ገባ፤ ሥጋ የለበሰው ውጭ ቀረ። እንቅርት በእኛም አገር ደጋ መንደሮች የምናውቀው ሕመም ነው፤ ያቺን አሮጊት ሳይ ቀራጩ እንዳዘነላት ወይም እንደሳቀባት መለየት ያቅተኛል። ማርያም በሉቃስ 1 ስለ ተዋረዱት ከፍ ማለት፣ ስለ ገዦች ከዙፋን መውረድ ከተናገረችው ጋር ሳስተያየው ደግሞ የበለጠ ይከብደኛል። በተራራው ላይ ማንም ከዙፋን አልወረደም። ባለጠጋው በሐሩ፣ ድሃው በቡትቶው፣ ሁለቱም ለዓይን ደስ እንዲሉ በየቦታቸው ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ነገር እኛን ይበልጥ ይነካናል። በናፖሊ ልማድ ሰብአ ሰገል ብቻቸውን አይመጡም። ግመል፣ የቱርክ ልብስ የለበሱ ሙዚቀኞች፣ ጥቁር አገልጋዮች ይከተሏቸዋል። ከነገሥታቱም አንዱ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። ማቴዎስ 2 ስለ ቁጥራቸው አይናገርም፤ ስለ ቆዳቸው ቀለምም አይናገርም፤ ይህ ሁሉ በኋላ የተጨመረ ነው። አንድ አፍሪካዊ ለጌታ ስጦታ ሲያመጣ ማየት መጀመሪያ ደስ ይላል፤ እኔንም ደስ ብሎኛል። ከዚያ አጃቢዎቹን ትኩር ብላችሁ ስታዩ ደስታው ይቀዘቅዛል። ጥቁሮቹ የሚይዙት ከበሮ ነው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ነው፣ የፈረስ ልጓም ነው። እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ሐሩና እንደ ዕንቁው የሰልፉ ጌጥ ሆነው ነው የቆሙት። በዚያው ዘመን በናፖሊ ባሮች እንደ ነበሩ ካወቅን ደግሞ ልጓም የያዘውን ልጅ እንደ ቀድሞው ማየት አይቻልም። በሐዋርያት ሥራ 8 ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስታውሱ። እርሱ በሰረገላው ተቀምጦ ያነባል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ውኃ ሲያይ የሚከለክለው ነገር እንዳለ ራሱ ይጠይቃል። ታሪኩ ለእርሱ የራሱን ጥያቄ ሰጥቶታል። በናፖሊው ሰልፍ ውስጥ ካሉት ጥቁሮች ግን የራሱ ጥያቄ ያለው አንድም ፊት ማግኘት ከብዶኛል።

ለማነጻጸር ሌላ የግል ስብስብ ልጥቀስ። ሎሬታ ሃይንስ ሃዋርድ የተባለች አሜሪካዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የ18ኛውን መቶ ዘመን የናፖሊ ምስሎች ስትሰበስብ ኖረች፤ በ1964 ደግሞ ለኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም መስጠት ጀመረች። በየዓመቱ በገና ሰሞን እዚያ ይታያሉ። ምስሎቹ ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ዘመን የመጡ ሲሆኑ አቀማመጡ ግን ፈጽሞ ይለያል። ሃዋርድ ተራራውን ትታ ረጅም የገና ዛፍ አቆመች። መላእክቱ በቅርንጫፎቹ ላይ እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ፤ ዓይናችሁም ተከትሏቸው ከዛፉ ግርጌ ወዳለው ሕፃን ይደርሳል። መሳት አትችሉም። ሕዝቡም ግርጌውን ከብቦ ቆሟል።

ውብ ነው፤ ለጸሎት የሚያመቸውም ይኸኛው ነው፤ አንድ ወዳጄ ሁለቱንም ፎቶግራፎች አሳይቼው ያለ ማመንታት የኒው ዮርኩን መረጠ። «ጌታ በመካከል ይታያል» አለኝ። ልክ ነው፤ ይታያል። እኔ ግን የናፖሊውን እመርጣለሁ፤ ከነድክመቱ፣ ከነአሳማ ሥጋው። በሃዋርድ ዛፍ ሥር ቤተ ልሔም አምላክ መምጣቱን ያወቀች ትመስላለች። በኩቺኒየሎ ተራራ ላይ ግን መጠጥ ቤቱ እስከ አሁን ክፍት ነው፤ ሰውየውም ወይን እየቀዳ ነው፤ ጀርባውን እንደ ሰጠ።