ዱ ቦይስ በርሊን ላይ፣ እኛ ካኩማ ላይ
ስለ አንድ የሶሲዮሎጂ መጽሐፍ የቀረበ አስተያየት



ባለፈው ተርም መጨረሻ ላይ አንዲት የፎርም ፎር ተማሪ መምህራን ክፍል ድረስ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ውጭ የመማር ዕድል ካገኘሁ የምማረው ሶሲዮሎጂ ነው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሻለው?» ብላ ጠየቀችኝ። በእጇ ከኢንተርኔት የታተመ ዝርዝር ይዛለች፤ ሃርቫርድ፣ ቺካጎ፣ ኦክስፎርድ፣ ሁምቦልት እየተባለ አንደኛ፣ ሁለተኛ ተሰጥቶበታል። እኔ ደግሞ አገር ቤት ሶሲዮሎጂ ጀምሬ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምን ብዬ ልምረጥላት? «ቆይ፣ አንድ መጽሐፍ ይዣለሁ፤ ስጨርስ እነግርሻለሁ» አልኳት። ይኼ ጽሑፍ በከፊል የእሷ መልስ ነው።

መጽሐፉ «ዘ ስኮላር ዲናይድ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ቦታውን የተነፈገው ምሁር» ብንለው ያስኬዳል። የጻፈው አልደን ሞሪስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ በ2015 ታተመ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ካናዳ የሄደ የቀድሞ ባልደረባችን ነው በስልክ የላከልኝ። ሶላሩ ሲሠራ ቻርጅ እያደረግሁ፣ ማታ ማታ እያነበብሁ አንድ ወር ፈጀብኝ። እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ይከብዳል፤ ቢሆንም ዲክሽነሪ የያዘ የፎርም ፎር ተማሪ ይወጣዋል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሶሲዮሎጂ አባቶች ተብለው የተነገሩን እነ ኦጉስት ኮምት፣ ዱርኬም፣ ማርክስና ቬበር ነበሩ። ወደ አሜሪካ ሲመጣ ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም ሮበርት ፓርክ። ዱ ቦይስ የሚባል ስም ከአስተማሪ አፍ አልሰማሁም፤ ተነስቶም ከሆነ ያን ቀን ቀርቼ ይሆናል። ሞሪስ የሚለው ይኼ ዝርዝር ተዛብቷል ነው። በአሜሪካ ቤት ለቤት ሄዶ፣ ጠይቆና ቆጥሮ በመረጃ የሚሠራ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያቋቋመው ደብልዩ ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ነው፤ ቦታውም ቺካጎ ሳይሆን አትላንታ፣ ያውም ገንዘብ በሌለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ይላል። ይህን ሳንሰማ የቀረነው ሥራው አንሶ አይደለም። በቀለሙ ምክንያት ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አላስገቡትም፣ ስሙንም አላነሱትም።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የበርሊኑ ታሪክ ነው፤ ሞሪስ ከሰጠው ቦታ በላይ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ዱ ቦይስ የተወለደው በ1868 ነው። ፊስክ ከሚባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ ሃርቫርድ ገባና ሌላ ዲግሪ፣ ቀጥሎም ማስተርስ ጨመረ። በዚያን ዘመን አሜሪካኖች ራሳቸው ለከፍተኛ ትምህርት የሚጎርፉት ወደ ጀርመን ነበር፤ እሱም ወደዚያው አሰበ። ገንዘቡን የሚሰጠው ስሌተር ፈንድ የሚባል ድርጅት ሲሆን፣ የበላዩ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ ነበሩ። ሄይስ አውሮፓ ልከን ልናስተምረው የሚበቃ ጥቁር ወጣት አላገኘንም ማለታቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዱ ቦይስ ይህን አንብቦ አመለከተ። ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ። ዝም ብሎ አልተመለሰም፤ ኮስተር ያለ ደብዳቤ ጻፈ፣ አሁንም ደግሞ አመለከተ። በመጨረሻ 750 ዶላር ፈቀዱለት፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ብድር። (አንድ ጊዜ «አልተቀበልንህም» ሲባል ፎርሙን ቀዶ የጣለው የዞናችን ልጅ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ ያንብበው።)

በ1892 በርሊን ገባ። ሽሞለርና ቫግነር ከተባሉ ፕሮፌሰሮች ሥር ተማረ። ሽሞለር መጀመሪያ ሐቁን ከታሪክና ከቁጥር ሰብስቡ፣ ድምዳሜው ኋላ ይደርሳል የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ዱ ቦይስም ይዞት የተመለሰው ትልቁ ዕቃ ይኼ ነው። በአገሩ በሄደበት ሁሉ ቀለሙ ይለካ የነበረ ወጣት ጀርመን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በላ፣ ሙዚቃ ሰማ፣ አገር አየ። ነገር ግን ውጭ አገር ገነት አልሆነለትም። ትራይችከ የሚባሉ ዝነኛ የታሪክ ፕሮፌሰር በሌክቸራቸው መካከል ክልሶች ዝቅተኛ ናቸው ብለው ሲናገሩ፣ እሱ ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ስለ አሜሪካ ደቡብ እርሻ የዶክትሬት ጽሑፍ አዘጋጀ። ፕሮፌሰሮቹ ደገፉት። ዩኒቨርሲቲው የሚፈለገውን ሴሚስተር አልሞላህም አለ፤ ፈንዱ ደግሞ ለሦስተኛ ዓመት አልከፍልም አለ። በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ። በ1894 በመርከቡ ርካሽ ክፍል ተሳፍሮ ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን አገኘ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ይኼ ትንሽ ነገር ነው የሚል የለም። እሱ የፈለገው ግን የበርሊኑን ነበር።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ትምህርት ያቋረጠ ሰው «ሰነፍ ስለነበርኩ ነው» እያለ ራሱን የሚከስበት ሌሊት አለው። ዱ ቦይስን ያህል ሰው ያቆመው የአንድ ዓመት ክፍያ መሆኑን ማወቅ ሰነፉን ጎበዝ አያደርገውም፤ ቢያንስ ግን ሁሉንም ነገር ጭንቅላት ላይ ከመጫን ያሳርፋል።

ሞሪስ ዱ ቦይስን የሚያነጻጽረው ከሮበርት ፓርክ ጋር ነው፤ ንጽጽሩም ጥሩ ነው። ፓርክም ጀርመን ነው የተማረው። በርሊን ውስጥ ሲመልን አዳመጠ፣ በ1904 ከሃይደልበርግ ዶክትሬቱን አሳተመ፣ ተመልሶ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ሠራ፣ ከዚያም ቺካጎ ተቀበለው። ዱ ቦይስስ? መጀመሪያ ሥራ ባገኘበት በዊልበርፎርስ ሶሲዮሎጂ ላስተምር ቢል አልተፈቀደለትም፤ ላቲንና ግሪክ አስተምር ተባለ። በ1896 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፊላዴልፊያን ጥቁሮች እንዲያጠና ለጊዜው ሲቀጥረው፣ ክፍል ገብቶ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች አልተሰጡትም። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ተምረዋል። ወሳኙ ከተመለሱ በኋላ በሩን ማን እንደከፈተላቸው ነው። ሞሪስ ይህን በስሜት ብቻ አላቀረበም፤ ደብዳቤዎችን ቆፍሮ አውጥቷል። ማክስ ቬበር እንኳ በ1904 አሜሪካን ሲጎበኝ ከዱ ቦይስ ጽሑፍ ጠይቆ፣ በ1906 በራሱ መጽሔት በጀርመንኛ ማተሙን ያሳያል። እኛ ክፍል ውስጥ ቬበርን ስንሸመድድ፣ ቬበር ግን ዱ ቦይስን ያነብ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

ዱ ቦይስ ፊላዴልፊያ ላይ ከአዲስ ሚስቱ ጋር «ሰባተኛው ቀበሌ» በሚባለው የድሆች ሰፈር ገብቶ ኖረ። ወደ 2,500 የሚሆኑ ቤተሰቦችን በር አንኳኩቶ፣ ራሱ መጠይቅ ይዞ ጠየቀ። «የፊላዴልፊያው ኔግሮ» የሚለው መጽሐፍ በ1899 የወጣው ከዚያ ነው። የሰፈሩ ሰዎች መጠናታቸውን፣ የሚያጠናቸውም የማያውቁት ጥቁር መሆኑን እንዳልወደዱት በኋላ ራሱ ጽፏል። ይህን የካኩማ ሰው ለማመን አይቸገርም። እኛ ዘንድ ከ1992 ጀምሮ ስንት ሰው መጠይቅ ይዞ በየብሎካችን አልፏል? «ቤት ውስጥ ስንት ነፍስ ትኖራላችሁ? በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ?» ይላል፣ አመስግኖ ይሄዳል፣ ሰውየው ምን እንደጻፈ የሚሰማ የለም።

እኔም አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ለማስተርስ ጥናት ለመጣ ተማሪ አስተርጓሚ ሆኜ ሦስት ሳምንት ሠርቻለሁ። ልጁ ጨዋ ነበር፣ ምሳም ይጋብዘኝ ነበር። ሆኖም የትኛዋ እናት ስለ ሞተባት ልጅ መጠየቅ እንደሌለባት፣ የትኛው ሽማግሌ ዕድሜውን ሲናገር ለራሽን ካርዱ ሲል እንደሚያስተካክል የነገርኩት እኔ ነበርኩ። ጥናቱ ሲያልቅ ፒዲኤፉን ላከልኝ። ምስጋናው ላይ «የአካባቢው ረዳቶች» ይላል። ረዳቶቹ እኔና አንድ ሱዳናዊ ነበርን።

ለዚህ ነው ሞሪስ «የነፃነት ካፒታል» የሚለውን ሐሳብ ሲያመጣ ጥርሴን የነከስኩት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አትላንታ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ተመራቂዎችና ተማሪዎች፣ ሌሎችም ፊደል የቆጠሩ የጥቁር ማኅበረሰብ አባላት፣ ያለ ክፍያ ወይም በጣም በትንሽ ክፍያ በየከተማው መረጃ ሰበሰቡ። ይህን ያደረጉት ሕዝባቸው እንዲታወቅና ነፃ እንዲወጣ ስለፈለጉ ነው፤ ሞሪስ ይህን ፍላጎት እንደ ካፒታል ይቆጥረዋል። ያምራል። እውነትም ነው፤ ያለዚያ አንድም ጥናት ባልወጣ ነበር። ግን በኢንሴንቲቭ የሚያስተምር ስደተኛ መምህር ይህን ሲያነብ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማታ ምን በሉ?» ነው። ከእኛ ጎን ቆሞ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራው ኬንያዊ መምህር የሚያገኘውና እኛ የምናገኘው ስንት እንደሚራራቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፍቅርና ዓላማ ክፍያውን እንደሚተካ አድርጎ የሚናገር ሰው ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ደመወዝተኛ ነው። ሞሪስ እነ ሞንሮ ወርክን፣ እነ ጆርጅ ሄይንስን በስም ያነሳል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። እነሱ ግን በኋላ ራሳቸው ምሁር የሆኑት ናቸው። በሩን ያንኳኳችው አስተማሪ፣ ቁጥሩን በሻማ የደመረው ልጅ ስም የላቸውም። በንጽጽር የፊላዴልፊያው መጽሐፍ የርዕስ ገጽ ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች ያጠናችው ኢዛቤል ኢተን ስሟ ከዱ ቦይስ ስም ጋር ታትሟል። ይቻላል ማለት ነው። «የተነፈገው ምሁር» ብሎ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው፣ የተነፈጉትን ረዳቶች ጉዳይ በአንድ የሚያምር ቃል ማለፍ አልነበረበትም።

ሌላው ጉድለቱ መደጋገም ነው። «የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ቺካጎ አይደለም» የሚለውን ካመንነው በኋላም ይነግረናል። ፓርክንም አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያጠቁረዋል፤ ሰውየው የዘመኑን ጭፍንነት ተሸክሞ ነበር፣ ብቻውን ግን አልፈጠረውም። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለፕሮፌሰሮች የሚጠቅም ይመስለኛል። ለእኔ ከዚያ ይልቅ የሚከብደኝ ዱ ቦይስ በ1899 የደረሰበት ነገር ነው። ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር ገበሬ በጆርጂያ በነጮች መንጋ ተቃጥሎ ተገደለ። ዱ ቦይስ ስለ ጉዳዩ የጻፈውን ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ፣ የሟቹ የጣት አጥንቶች እዚያው መንገድ ላይ በአንድ ሱቅ ለእይታ መቀመጣቸውን ሰማና ተመለሰ። መረጃ ብቻውን ሰው እንደማያድን የገባው ያኔ ነው። በ1910 አትላንታን ለቆ ለጥቁሮች መብት የሚታገል መጽሔት አዘጋጅ ሆነ። ቢሆንም መቁጠሩን እንደ ስህተት አላየውም።

ልጅቷን አገኘኋትና ዝርዝሯን መለስኩላት። ስለ አንደኛና ሁለተኛው የማውቀው የለም፤ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ገንዘቡን ማን እንደሚከፍልሽ፣ እስከ መቼ እንደሚከፍልሽ ጠይቂ አልኳት። ከ1978 ጀምሮ በካናዳ ተማሪዎች መዋጮ ስደተኛ ተማሪዎችን የሚወስደው ፕሮግራም አለ። በ1992 የተጀመረው ዳፊ ደግሞ በአብዛኛው እዚሁ በተጠለልንበት አገር ነው የሚያስተምረው፤ «ውጭ አይደለም» ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። ጀርመንን ካሰብሽ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ለቪዛ ግን የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ማሳየት ይፈለጋል። የዱ ቦይስ ሦስተኛ ዓመት አሁንም እዚያው በር ላይ ቆሟል።

«ለመሆኑ የበርሊኑን ዲግሪ አገኘው?» አለችኝ።

በ1958 ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ሁምቦልት ተብሎ፣ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ዘጠና ዓመቱ ነበር አልኳት።

«እንዴ ቲቸር! እኔ ዘጠና ዓመት አልጠብቅም» ብላ ሳቀች።

«የፊላዴልፊያው ኔግሮ» ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው በነፃ ይገኛል፤ መጨረሻው ላይ ዱ ቦይስ ቤት ለቤት ይዞት የዞረው መጠይቅ ተያይዟል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ውስጥ አብረን እናነበዋለን። ከዚያ በብሎካችን ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ለማወቅ የራሳችንን መጠይቅ ለማውጣት አስበናል። የሚሠሩት ሁሉ ስማቸው ይጻፋል። እስክሪብቶና ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር ስለሚያጥር የቻለ ከቤቱ ያምጣ።