ፊርማው በመጨረሻ ይነበባል

ሂስ እጽፋለሁ የሚል ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢቀመጥበት የምመኘው ስብሰባ ጃፓን ውስጥ አለ። «ካንቴይ» ይሉታል። የጥንት ጎራዴዎች በተርታ ይቀርባሉ። የሠሪው ስም የሚቀረጸው እጀታው ውስጥ በሚገባው የብረቱ ጭራ ላይ ነውና ያ ክፍል እንደተሸፈነ ነው። መርማሪው ራቁቱን የቀረበውን ስለት ወደ መብራቱ እያዘነበለ ያያል፤ ከዚያ ዘመኑን፣ አውራጃውንና የአሠራር ወገኑን ገምቶ የቀጥቃጩን ስም በወረቀት ላይ ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። ካገኘው «መታህ» ይባላል። መምህሩን ትቶ የቅርብ ደቀ መዝሙሩን ቢጽፍም ብዙውን ጊዜ «እንደ መታህ ይቆጠራል» የሚል መልስ ያገኛል፤ የእጅ ሥራውን ጠባይ ለይቷልና። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲወጣ አስቀድሞ የሚታየው ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ነው። ስሙ ትልቅ ከሆነ ድክመቱ ጥልቀት ይባላል፤ ስሙ ካልታወቀ ጥልቀቱ ድክመት ይሆናል።

መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ቁመናውን ነው። ከ12ኛውና ከ13ኛው ምዕተ ዓመት የተረፈ ጎራዴ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠን ያለ፣ ጉብጠቱም ወደ እጀታው የተጠጋ ነው፤ የፈረሰኛ መሣሪያ ነበርና። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ስለቱ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ጫፉም ይገዝፋል። ቀጥሎ የብረቱ ቆዳ ይታያል። ብረቱ እየታጠፈ ደጋግሞ ስለተቀጠቀጠ በሚገባ ሲወለወል እንደ እንጨት ገመድ ያለ መስመር ያወጣል፤ መስመሩም እንደየአውራጃው ይለያያል። ሦስተኛው «ሃሞን» የሚሉት ነው። ቀጥቃጩ ስለቱን በጭቃ ይለስነዋል፤ በጀርባው ወፍራም፣ በአፉ በኩል ስስ አድርጎ። አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው አፉ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን ለስለስ ብሎ ይቀራል። በሁለቱ ድንበር ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጭ መስመር ይፈጠራል፤ አንዱ ዘንድ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ዘንድ እንደ ማዕበል የሚዋልል። ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጠው ጎራዴ ላይ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ በአሲድ የተሣለ ስለሆነ ወደ ብርሃን ቢያዘነብሉት ጥልቀት የለውም።

እጀታው የሚወልቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚይዘው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ብቻ ናት። እሷ ስትወጣ የዛገው ጭራ ብቅ ይላል፤ ለእኔ ከጎራዴው ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል እሱ ነው። የድሮ ዝገት ጥቁር፣ ለስላሳና ወዛም ነው፤ የቅርብ ጊዜው ቀይና ዱቄታም። የሞረዱ ጭረት አቅጣጫ ራሱ የአሠራር ወገንን ያመለክታል። የችንካር ቀዳዳው ሁለትና ሦስት ከሆነ ጎራዴው እጀታ ለውጧል፣ ምናልባትም ከጭራው በኩል ተቆርጦ አጥሯል ማለት ነው። ፊርማው የተቀረጸበት ጎንም ይናገራል። ታቺ የሚባለው የጥንቱ ዓይነት ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ ይንጠለጠል ነበር፤ ካታና ግን ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ መቀነት ውስጥ ይሻጣል። በሁለቱም ስሙ የሚጻፈው በተለምዶ ወደ ውጭ በሚታየው ጎን ስለሆነ ከጎኑ አመልሉን ማወቅ ይቻላል። ይህን ዝገት ሊያጸዳ በሽቦ ብሩሽ የሚፈትግ ሰው ገጥሟችሁ ከሆነ ጎራዴውን ቀሙት። የጽዳት ፍቅር የስንት ዘመን ምስክር በግማሽ ሰዓት ይገድላል።

ፊርማውስ? ይነበባል፤ ግን የሚጠየቀው ከስለቱ ጋር ይስማማል ወይ ተብሎ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ኤዶ ከተማ ይሠራ የነበረው ኮቴትሱ ስሙ እጅግ ከመሰረቁ የተነሣ ጃፓኖች የእሱን ፊርማ ሲያዩ አስቀድመው ሐሰት ነው ብለው ይጠረጥራሉ። የቀጥቃጮች ሁሉ አውራ የሚባለው ማሳሙኔ በተቃራኒው ፊርማ ያለባቸው ሥራዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የእሱ የሚባሉት አብዛኞቹ፣ በትውልድ ጎራዴ ወልዋይና መርማሪ የነበሩት የሆናሚ ቤተሰብ ሰዎች ከብረቱ ጠባይ ተነሥተው የመደቡለት ናቸው። አንዳንዴም ፍርዳቸውን በወርቅ ጭራው ላይ ይጽፉት ነበር። ሐያሲው ስሙን ሥራው ላይ በወርቅ ሲያሰፍር! እንዲህ ያለ ሥልጣን የሚያስቀና ብቻ ሳይሆን የሚያስፈራም ነው።

እስከዚህ ድረስ ከመርማሪዎቹ ጋር ነኝ። የምለያቸው እጀታው ላይ ነው። ስለቱን ለማየት እንደ ሙዝ ልጣጭ ገፈው ጎን ያኖሩታል። ምክንያታቸው እጀታ እንደ ልብስ ነው፣ በየትውልዱ ይለወጣል፣ ስለ ቀጥቃጩ አይመሰክርም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለ ቀጥቃጩ አይመሰክርም። ስለ ባለቤቶቹ ግን ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም።

እስቲ አንዱን እንየው። ውስጡ ማግኖሊያ የሚባል ለስላሳ እንጨት ነው። በላዩ እንደ አሸዋ የሚሻክር የባሕር ዓሣ ቆዳ ይለብሳል፤ ከቆዳው በላይ ገመድ ይጠመጠማል። ከገመዱ ሥር በግራና በቀኝ «ሜኑኪ» የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ቅርጾች ይቀመጣሉ። በእጀታውና በስለቱ መካከል «ጹባ» የሚሉት የእጅ መከታ አለ። ሜኑኪውን ገልብጣችሁ እዩት። በእጅ የተሠራ ከሆነ ጀርባው ጎድጓዳ ነው፤ አንጥረኛው ከውስጥ እየገፋ ከውጭ እየቀረጸ እንዳወጣው ያስታውቃል። በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ጠርዙ ይደነዝዛል፣ ዝርዝሩም ይደበዝዛል። ከ15ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እስከ 19ኛው ድረስ በዚሁ ሙያ የኖሩት የጎቶ ቤተሰብ ሰዎች ይመርጡ የነበረው ሻኩዶን ነው፤ መዳብ ከጥቂት ወርቅ ጋር ተቀይጦ በኬሚካል ሲታጠብ እንደ ቁራ ላባ ይጠቁራል። በዚያ ጥቁር መደብ ላይ እንደ ዓሣ እንቁላል የደቀቁ ነጠብጣቦች በመሮ ይመታሉ፤ ረድፋቸው እንደ ማሽላ ዘለላ የተጠጋጋ ነው። በ1670 ተወልዶ በ1733 የሞተው ዮኮያ ሶሚን ደግሞ ከዚህ የቤተ መንግሥት ወግ ወጥቶ መሮውን እንደ ሠዓሊ ብሩሽ ተጠቀመበት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጹባው መካከለኛ ቀዳዳ ነው። የአዲሱ ጎራዴ ጭራ ከቀዳዳው ካነሰ ጫፎቹ ላይ መዳብ ይደፈናል፤ ከበለጠ በሞረድ ይሰፋል። ያ መዳብና ያ ጭረት ጹባው ስንት ጎራዴ እንዳገለገለ ይናገራሉ። ይህን ሳያነብ የሚያልፍ መርማሪ ግማሽ መጽሐፍ አንብቦ ሂስ የሚጽፍ ሰው ይመስለኛል።

ስለቱንና እጀታውን ያለያያቸው የመርማሪዎች ልማድ ብቻ አይደለም። በ1876 የሜይጂ መንግሥት ጎራዴ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል አንጥረኞቹ ሥራ አጡ። ካኖ ናትሱኦን የመሰለ ታላቅ ሰው ከእገዳው በፊት ጀምሮ የአዲሱን ገንዘብ ቅርጽ ይሠራ ነበር። ጹባና ሜኑኪ እንደ አዝራር በሣጥን እየተደረደሩ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተሸጡ። ከየትኛው ጎራዴ እንደወለቁ የጻፈ አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እጀታው ዋሸ። ብዙ መኮንኖች ከአያት የወረሱትን ስለት የፋብሪካ ጌጥ ባለው የጦር ሠራዊት እጀታ ውስጥ አስገብተው ዘመቱ። ጎኑ ላይ የነሐስ የቼሪ አበባ የተለጠፈበት ያ ርካሽ እጀታ ውስጥ የ16ኛው ምዕተ ዓመት ብረት ሊኖር ይችላል፤ ወይም ጭራው ላይ የፋብሪካ ማኅተም የተመታበት፣ በዘይት የተነከረ የ1942 ብረት። ከ1945 ሽንፈት በኋላ ጎራዴ እየተሰበሰበ ሲጠፋና ወታደሮች ለማስታወሻ ሲወስዱት ሁለቱን የሚለይ ዓይን ያለው ጥቂት ነበር። ካጎሺማ ባለው ቴሩኩኒ መቅደስ የነበረው የ13ኛው ምዕተ ዓመት የኩኒሙኔ ጎራዴ በዚያ ግርግር ጠፍቶ አሜሪካ ተገኘ። ዋልተር ኮምተን የሚባለው ሰብሳቢ ማንነቱን አውቆ በ1963 ያለ ክፍያ መልሶታል። እሱን የመሰለ አንባቢ እጅ ያልገቡት ስንቶቹ ይሆኑ?

ዛሬ ጥንቃቄ የሚያውቁ ሰዎች ስለቱን ቀለም ባልነካው የእንጨት አፎት ውስጥ ያኖሩታል፤ እንዲተነፍስና እንዳይዝግ። እጀታው፣ ጹባውና ያጌጠው አፎት ደግሞ እንዳይበታተኑ ለክተው በሠሩት የእንጨት ስለት ላይ ይገጠማሉ። ሙዚየም ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳያሉ። በአንደኛው በኩል ጌጥ የሌለው ብረት፣ በሌላው በኩል ብረት የሌለው ጌጥ። ከመስታወቱ በታች ያለው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የቀጥቃጩን ስም ነው፤ አንጥረኛው፣ እንጨት ጠራቢውና ገመዱን የጠመጠመው ሰው ስም የላቸውም።