ስለ ምግብ ስሞች ትርጉም

የምግብን ስም ወደ ባዕድ ልሳን የሚመልስ ሰው መሳሳት የሚጀምረው አቻ ቃል አገኘሁ ብሎ ደስ ባለው ጊዜ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ «የጾም ምግብ» የሚለው በእንግሊዝኛ «ፋስቲንግ ፉድ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ጾም ማለት ከነጭራሹ አለመብላት የሚመስለው የሩቅ አገር ሰው ይህን ሲያነብ፥ ባዶ ሰሐን ሊቀርብልኝ ይሆን ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። «አትክልት ብቻ ለሚበሉ» ብለው የሚያርሙትም ነገሩን አላቀኑትም፤ በዐቢይ ጾም ሽሮ የሚበላው ምእመን የፋሲካን ዶሮ ቀን እየቈጠረ የሚጠብቅ ነውና፥ ሥጋን ለዘለዓለም ከተወው ሰው ጋር የሚያዛምደው ሰሐኑ ብቻ ነው።

ይህስ ያስቃል እንጂ ብዙም አይጎዳም። የእንሰት ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን በአገሩ ስም «እንሰት» ብሎ ጠርቶ፥ የሙዝ ወገን እንዳይደለ አጥብቆ ተከራክሮ ነበር። በዓመቱ ግሜሊን የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ ከሙዝ ወገን መዘገበው፤ ቺዝማን በ1947 የራሱን ወገን እስኪያጸናለት ድረስም ብዙዎች በዚያው ስም ሲጠሩት ቆዩ። ሊቃውንቱ ሲታረሙ የተራው ሰው እንግሊዝኛ ግን አልታረመም፤ ዛሬም «ሐሰተኛ ሙዝ» ይለዋል። ማንን ዋሽቶ ይሆን? ጉራጌው፥ ሲዳማው፥ ከምባታው ፍሬውን አይሻም፤ ፍሬው በጠጣር ዘር የተሞላ ነው። የሚፈለገው ግንድ መሳዩ አካሉና ሥሩ ነው። ሴቶች ፍቀው፥ በጉድጓድ ቀብረው፥ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ቡላ፥ የተቀቀለው ሥሩ አሚቾ ይባላል። «ሐሰተኛ ሙዝ» የሚለውን የሚያነብ ባዕድ ግን የሚታየው ፍሬ የከለከለ፥ የከሸፈ ሙዝ ነው፤ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበትን ተክል ቸግሮት የሚበላው ይመስለዋል። ስም አውጣ ተብሎ የተጠየቀው ጉራጌው ቢሆን ኖሮ፥ ሙዝን «ሐሰተኛ እንሰት» ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው።

ወደ አማርኛ የሚተረጕመውንም ይኸው ወጥመድ ይጠብቀዋል። ስለ ጥንት ሮማውያን ማእድ በተጻፈ መጽሐፍ «ፔፐር» የሚለውን አይቶ «በርበሬ» ብሎ ቢጽፍ፥ ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከመሻገሩ በፊት በሮማ ድልህ ቀርቦ ነበር ማለቱ ነው። ሮማውያን የሚያውቁት ቁንዶ በርበሬን ነበር።

«ኮርን» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደቀ መዛሙርት በሰንበት የቀጠፉት «ኮርን» ነው። ቃሉ በእንግሊዝ አገር እህልን ሁሉ ሲያጠቃልል፥ በአሜሪካ የሚሰማው በቆሎ ብቻ ነው፤ የአሜሪካንን መዝገበ ቃላት የተከተለ ተርጓሚ ሐዋርያትን በገሊላ በቆሎ ያስፈለፍላቸው ነበር። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «እሸት» አለ፤ እዚህ ከተመረመሩት ሁሉ የላቀው ምርጫ ይህ ነው። እሸት የእህሉን ዓይነት አይወስንም፤ ፍሬ መቋጠሩን፥ ገና አለመድረቁን፥ መንገደኛ በመዳፉ አሽቶ ሊበላው መድረሱን ግን ይናገራል፤ ሉቃስም በእጃቸው ማሸታቸውን ጽፏል። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ በበኩሉ እሸትን ወደ ቋንቋው ሊወስድ ቢነሣ፥ አንድ ቃል አይበቃውምና ሐረግ መበደር ይኖርበታል።