ሐውልቱና የስም መዝገቡ

ለጦር ሜዳ ሙታን የሚሰጠውን ክብር በሐውልት ቁመት መለካት ተለምዷል። እኔ ግን የምለካው በስም መዝገቡ ነው፤ የተራውን ወታደር ስም ከጄኔራሉ እኩል የጻፈና መንግሥት ሲለወጥ ያልፋቀ አገር ሙታኑን አክብሯል።

የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ጉዳዩን ወለል አድርጎ ያሳያል። በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ለመሰለፍ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ ኮሪያ የገባው በ1943 ዓ.ም. ነው። እየተፈራረቁ ከዘመቱት መካከል ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ አንድም አልነበረም። ደቡብ ኮሪያ በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቆመችላቸው፤ በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቦታው ተገኝተዋል። ኋላም እዚያው አካባቢ፣ ጣሪያው የአገራችንን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል።

አገር ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ የኮሪያ ዘማች መሆን የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚያስጠረጥር ሆነ። መስከረም 1977 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በዚያችው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። ሐውልቱ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁትን ይዘክራል፤ ለኢትዮጵያ ብለው የሞቱ ኩባውያን ፎቶግራፍም ተደርድሮበታል። ይህ የሚገባ ክብር ነው፤ ማንም ሊነካው አይገባም። የሚያሳዝነው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የኮሪያ ዘማቾች አንገታቸውን ደፍተው ይኖሩ የነበረ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ የራሳቸውን መታሰቢያ ያዩት ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ በሕይወት ሳሉ አልደረሱበትም።

እንግሊዞች የሙታንን ክብር ከማዕረግና ከሀብት ልዩነት ለመጠበቅ ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው የጦር መቃብር ኮሚሽን መኮንንና ተራ ወታደር፣ ሀብታምና ድሃ ሳይል ለሁሉም አንድ ዓይነት የመቃብር ድንጋይ እንዲቆም ወሰነ። የሚደነቅ መርሕ ነው፤ አፍሪካ ሲደርስ ግን ተሰበረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ስንቅና ጥይት ተሸክመው በበሽታና በረሃብ ያለቁት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ናይሮቢ ውስጥ የነሐስ ሐውልት ቆመላቸው፤ ስም የለበትም። ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ116,000 ያላነሱ፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች በስማቸው ወይም ጭራሹን እንዳልተዘከሩ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። መቶ ዓመት የዘገየ ይቅርታ የጠፋውን ዝርዝር አይመልስም።

የዋሽንግተኑ የቬትናም መታሰቢያ ከዚህ በተሻለ መንገድ ሄዷል። ማያ ሊን ገና ተማሪ ሳለች የነደፈችው ጥቁር ግድግዳ ከ58,000 በላይ ስሞችን ያለ ማዕረግ፣ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ይዟል። አሜሪካውያን ስለዚያ ጦርነት ዛሬም አይስማሙም፤ ስሞቹ ግን እዚያው ተጽፈው ይነበባሉ።

በእኛ ዘንድ ከማይጨው እስከ ባድመ የወደቁት በየመዝገብ ቤቱ፣ በየቤተሰቡ ሣጥንና በየአዛውንቱ ትዝታ ተበትነዋል። የመከላከያ ሚኒስቴርና ቤተ መዛግብት ይህን አሰባስበው፣ በየትኛው መንግሥት ሥር እንደ ዘመቱ ሳይለዩ፣ አንድ የስም መዝገብ ለሕዝብ ይክፈቱ። የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ሥራው ዛሬ ይጀመር።