ደራጎኑን የማያየው ፈረሰኛ

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያደንቃል። እኔ ግን ዓይኔን ቶሎ ወደ ግድግዳው አወርዳለሁ፤ ነጭ ፈረስ ላይ ወደተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ።

እሱ ደራጎኑን የገደለበትን ታሪክ እንደ ልብ ወለድ ብናነበው እንከኑ ብዙ ነው። ፍጻሜው ከመጀመሪያው ይታወቃል። የቤሩትን ሰዎች ሲያስጨንቅ የኖረው አውሬ በአንድ ጦር ያልቅለታል። ለአውሬው የተሰጠችው ልጃገረድ ብሩታዊትም በብዙ የአገራችን ሥዕሎች ዛፍ ላይ ሆና ከማየት በቀር ሥራ የላትም። ደግሞ ፈረሰኛው! ጦሩን የሚሰካው ደራጎኑ ላይ፣ የሚያየው ብዙውን ጊዜ እኛን ነው። በቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ልማድ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉ ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላልና።

እኔን የሚይዘኝ ግን ይኸው እንከን ነው። ጠላቱን ሳያይ የሚወጋ ሰው ፊት ቆሞ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ከዚያ እግሩ አለ። በብዙዎቹ ሥዕሎች ቅዱሱ ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። እንዲህ የሚጋልበው የእኛ ደገኛ ነው። ሠዓሊው የሩቅ አገሩን ታሪክ በአንዲት ጣት ከጎንደር ደጋ፣ ከወገራ አደረሰው።

ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ያሠሩት ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የተረፈው ንብ ተነሥቶባቸው ነው ይባላል። ስትሄዱ አንገታችሁን ወደ ጣሪያው ሰቅላችሁ አትቅሩ፤ ፈረሰኛውንም እዩት።