መከታ የሌለው ጣራ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛ በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። በ2014 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ የወጣው የሮሪ ኬኔዲ «ዳውንፎል» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ከዚያ ሐዘን ተነሥቶ ውሳኔው ወደ ተወሰነበት ቢሮ ይወስደናል።

ነገሩ የጀመረው በገበያ ነው። ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን ሲያቀርብ ቦይንግ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተነደፈው 737 ላይ ትልልቅ ሞተሮች ገጠመ። ሞተሮቹ የአውሮፕላኑን ጠባይ ስለ ለወጡት አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ «ኤምካስ» የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ። ሶፍትዌሩ የሚያምነው አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥም አሠራሩ አልተብራራም። አብራሪዎች በሲሙሌተር መሠልጠን ካስፈለጋቸው ቦይንግ ለአንድ ገዢ አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ተስማምቶ ነበርና!

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ሲያልቁ ብዙ ጣት ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ ባሰላው ስሌት፣ ችግሩ ካልታረመ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋዎች ሊደርሱ ይችሉ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። የእኛ አብራሪዎች ከዚያ በኋላ በተላከው መመሪያ መሠረት ማሽኑን አጥፍተውት ነበር፤ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለ ነበር ግን በእጅ የሚዞረው መቆጣጠሪያ እንቢ አላቸው። ዘዳግም 22፥8 ለጣራው መከታ እንዲሠራ የሚያዘው ቤት ሠሪውን እንጂ የሚወድቀውን ሰው አይደለም።

በአንድ ነገር ከፊልሙ ጋር አልስማማም። በ1997 እ.ኤ.አ. ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ከተደረገው ውሕደት በፊት የነበረው ቦይንግ ደግ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ስግብግብ ሆኖ ይታያል። ይህ ለተመልካች ይመቻል፤ ክፋቱን ሁሉ ለአለቆች ትቶልን እንሄዳለና። ለአሜሪካ ምክር ቤት በቀረቡት የሠራተኞች መልእክቶች ውስጥ ግን አንዱ ሠራተኛ ሌላውን፣ ማክስን በሚያበሩ እንዲህ በሠለጠኑ አብራሪዎች ቤተሰብህን ታሳፍራለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ አላደርገውም ይላል። ሥጋታቸውን እርስ በርስ እየተጻጻፉ ሥራቸውን ስለ ቀጠሉት ሰዎች ፊልሙ ቆም ብሎ ቢጠይቅ ደስ ባለኝ። ከእኔና ከእናንተ ጋር የሚመሳሰሉት እነርሱ ናቸው።

ኤምካስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም፤ የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ፕሮግራም ነበር። ስሕተቱ ቢያንስ ኋላ ተፈልጎ ተገኝቷል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገቡት አዳዲስ ማሽኖች ግን ለምን እንዲህ እንደ መለሱ ሠሪዎቻቸውም ሁልጊዜ ማስረዳት አይችሉም።

ፊልሙን በኅብረታችን ያየን ምሽት፣ በሕንፃ ሥራ የተሰማራች አንዲት እኅት እጇን አወጣች። «አለቃዬ ‘ኮምፒውተሩ አስልቶታል፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ’ ሲለኝ፣ ደግሞም የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ ምን ላድርግ?» አለች። ከፊልሙ መልስ አላገኘችም። እኔም ያን ምሽት አልመለስኩላትም።