የድሮ የእጅ ሰዓት አመራረጥ በመርካቶ

ያገለገለ የእጅ ሰዓት ወደ መርካቶ የሚገባው በብዙ በር ነው። አንዱ ከአባት ወይም ከአያት ሳጥን ወጥቶ ይሸጣል። ሌላው ቁራሌው ከሰበሰበው ዕቃ ጋር ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ሌላው ደግሞ ከዓረብ አገር ተመላሽ ሻንጣ ይወጣል። ስማቸውን ያየ ሰው የአገሪቱን ዘመናት በቅደም ተከተል ያነባል፤ የንጉሡ ዘመን ኦሜጋ፣ ቲሶና ሎንጂን፣ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት በተላከው ትውልድ እጅ የመጡት የደርግ ዘመን ራኬታ፣ ፖልዮትና ስላቫ፣ ከዚያም የዕለቱን ስም በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የሚያሳዩት የጃፓን ሴይኮና ኦሪየንት። ሁሉም በአንድ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ያማልላሉ። ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ግን ስሙን ከማንበብ የራቀ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የሚለየው ዓይነቱ ነው። በሚሞላ ሰዓት ውስጥ ባለቤቱ በየቀኑ የሚያጠብቀው ሞላ አለ። ሞላው ሲፈታ ጥርሶቹን ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ሚዛን ደግሞ ጉልበቱ በአንዴ እንዳያልቅ እየቆነጠረ ያሳልፈዋል። አውቶማቲኩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከማሽኑ ጀርባ የሚዞር ግማሽ ክብ ብረት መኖሩና እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሞላውን መሙላቱ ነው። የባትሪ ሰዓት ሚዛን የለውም፤ ጊዜውን የሚቆጥርለት በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ ነው። ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1969 ነበር። በቀጣዮቹ አሥራ አምስት ዓመታት የስዊስ ሰዓት ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ቁጥር ከ90,000 አካባቢ ወደ አንድ ሦስተኛው ገደማ አሽቆለቆለ። ሰብሳቢዎች «የድሮ» የሚሉት በአብዛኛው ከዚያ ማዕበል በፊት ወይም በማዕበሉ መካከል የተሠራውን የሞላ ሰዓት ነው።

ሰዓት በትክክል ማወቅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አዲስ ካሲዮ ይበቃዋል፤ በዚህ ላይ መከራከር ዋጋ የለውም። ርካሹ የባትሪ ሰዓት በወር ከ15 ሰከንድ የሚበልጥ አይስትም፤ በደንብ የታደሰ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ሰዓት ግን በቀን ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጤነኛ ነው። የድሮው ሰዓት ውበት ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እስከ መጨረሻዋ ብሎን ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ መልሶ ይገጠማል። ብዙዎቹ ርካሽ የባትሪ ማሽኖች ሲበላሹ ይጣላሉ እንጂ አይጠገኑም። ሆኖም የሚፈታ ነገር ይበላሻልም፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የከፈተው እጅ ሁሉ አሻራውን ትቶበታል። ስለዚህ የድሮ ሰዓት ሲመዘን ከፋብሪካው ሥራ እኩል የሚመዘነው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተሠራበት ሥራ ነው።

ብዙ የሚነገረው ፊቱ ነው፤ ብዙ የሚታለልበትም እሱው ነው። እርጅና የነካው ፊት ለገዢ ስለማያምር ይፋቅና እንደ አዲስ ይቀባል። ሙምባይ ውስጥ የቆዩ ሴይኮዎችን በደማቅ አረንጓዴ፣ በብርቱካንና በቀይ ቀለም ቀብቶ ወደ ዓለም ገበያ መላክ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል፤ ፋብሪካው ሠርቶት የማያውቅ መልክ ያለው «አዲስ የሆነ አሮጌ» ሴይኮ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በማጉያ ሲታይ የፋብሪካ ጽሑፍ ጠርዙ ስል ነው፤ የፊደሎቹ ውፍረትና ርቀትም እኩል ነው። ድጋሚ የተቀባው ላይ ቀለሙ ይፈስሳል፣ የደቂቃ ጭረቶቹ ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥሙም፣ ከታች በኩል ያለው ደቃቅ ጽሑፍም ይጠፋል ወይም ይወፍራል። ሴይኮ ላይ ይህ ደቃቅ ጽሑፍ ምስክር ነው። የፊቱ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ በማሽኑ ቁጥር ይጀምራል፤ ፊቱ 7009 ብሎ ጀምሮ ጀርባው 6309 ካለ ሁለት ሰዓቶች ተጋብተዋል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥርም ይነበባል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል። አሥርት ዓመቱን የሚወስነው የማሽኑ ዓይነት ነው፤ 7ኤስ26 የተባለው የሴይኮ ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1996 በፊት አልነበረምና።

በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሌላ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ብዙ የስዊስ ሰዓቶች ከስድስት ቁጥር በታች ስዊስ ከሚለው ቃል ግራና ቀኝ «ቲ» ፊደል አላቸው፤ ትሪቲየም መቀባታቸውን ያሳያል። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰዓት ዛሬ ሌሊት ቦግ ካለ ቀለሙ በኋላ የተቀባ ነው። ቆጣሪዎቹ ላይ ያለው ቀለም ከፊቱ ቀለም ጋር አብሮ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡና መልክ መሄድ አለበት፤ አንዱ ነጭ ሌላው ቢጫ ከሆነ ቆጣሪዎቹ ከሌላ ሰዓት መጥተዋል። እዚህ ላይ የገበያው ምርጫና የዐዋቂው ምርጫ ይለያያሉ። ገበያው የሚያብረቀርቀውን ያነሣል። ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት፣ ጠርዙ የከሰለ፣ ግን ማንም ያልነካው ፊት ከተቀባው ይበልጣል፤ የተፋቀ ፊት ተመልሶ አይመጣም።

መስታወቱ ቶሎ ይታያል። የድሮው በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ይጫጫራል፣ ሊለሰልስም ይችላል፤ መቀየሩ ነውር አይደለም። በብዙ የድሮ ኦሜጋ መስታወቶች መሐል ላይ በማጉያ ብቻ የምትታይ የፋብሪካው ምልክት አለች። አለመኖሯ ሰዓቱን ፎርጅድ አያደርገውም፤ መስታወቱ መለወጡን ብቻ ይጠቁማል።

የሰዓቱ አካል የሚመዘነው በጠርዞቹ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ብረት ስል ጠርዝ፣ ልሙጥና ሻካራ ገጽ ተለይቶ ይታይበታል። ደጋግሞ የተሞረደ አካል እንደ ተላሰ ከረሜላ ይደበዝዛል፤ ጀርባው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍም ይሳሳል። ወርቅ ቅብ ከሆነ ማሰሪያው የሚገባበት ጫፍ ላይ ቢጫው ተልጦ ሌላ ብረት ይታያል። «20 ማይክሮን» የሚል ማኅተም ቅብ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ሐቀኛ ጽሑፍ ነው፤ «0.750» ደግሞ 18 ካራት ወርቅ ነው። ሁለቱን አምታቶ መሸጥ የቆየ ዘዴ ስለሆነ ክዳኑ ሳይከፈት ስለ ወርቅ ዋጋ መነጋገር አይገባም።

እውነተኛው ፍርድ ክዳኑ ሲነሣ ነው። በጥቃቅን የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ማጉያ ዓይናቸው ላይ አድርገው የሚሠሩት የመርካቶ ሰዓት ሠሪዎች ይህን በደቂቃ ያደርጉታል፤ ገዢ ሊጠይቃቸው የሚገባው ትልቁ ውለታም ይኸው ነው። መጀመሪያ የሚታዩት የብሎኖቹ ራሶች ናቸው። መፍቻው የሚገባበት ስንጥቅ ካልተሸራረፈ በልኩ በተሳለ መሣሪያ ተፈትቷል፤ ከተቦጫጨቀ ማሽኑ በጥድፊያ እጅ አልፏል። ቀጥሎ ዝገት ይፈለጋል፤ በተለይ የመሙያው ዘንግ በሚገባበት በኩል፣ በክረምት እርጥበት የሚገባው በዚያ ነውና። መስታወቱ ከውስጥ ላቦት የሚይዝ ሰዓት ካለ ዝገቱ ጀምሯል ብሎ መያዝ ነው። የጣት አሻራ በብረቱ ላይ ደርቆ ከታየ የነካው ሰው ጥንቁቅ አልነበረም። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዳንዴ በመርፌ የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደሎች ይገኛሉ፤ ሰዓት ሠሪዎች ያደሱበትን ጊዜ ለራሳቸው የጻፉት ማስታወሻ ነው። ጭረቱ የበዛ ሰዓት ብዙ ጊዜ የታመመ ሳይሆን ባለቤቱ የሚያስታውሰው ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሚዛኑ ይታያል። ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ሚዛኑ በሰፊው፣ በእኩል እየተወዛወዘ፣ ሰዓቱ በጎኑ ሲቆም ውዝዋዜው ብዙም ካልጠበበ ምሰሶዎቹ ደኅና ናቸው። ከታመመ ይደክማል፣ ወይም በአንድ አቋም ይቆማል። እንደ ፀጉር የቀጠነው የሚዛኑ ሞላ ክቦቹ ሳይነካኩ መተንፈስ አለበት። ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም የጀመረ ሰዓት ብዙ ጊዜ ማግኔት ይዞታል፤ ከስልክ ወይም ከድምፅ ማጉያ አጠገብ የማደር ውጤት ነው፣ ማስለቀቁም ቀላል ነው። የድንጋዮቹ ብዛት ያን ያህል አያሳስብም። 17 ድንጋይ ለሚሞላ ሰዓት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው።

መለዋወጫ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መርካቶ ላይ ልዩ ክብደት አለው። የብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች መለዋወጫ ዛሬ ስለማይመረት ሰዓት ሠሪው ከሞቱ ሰዓቶች እየነቀለ ያኖራል። ከዚያው ዓይነት ማሽን የተነቀለ ሞላ ወይም ጥርስ ሰዓቱን አያጎድለውም፤ እንዲያውም የዚህ ሙያ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የኦሜጋ ፊት ከሌላ ማሽን ጋር ተጣብቆ ሲሸጥ ግን ጥገና አይባልም። ፊቱ፣ ማሽኑና ክዳኑ አንድ ስም ካልተናገሩ የሚገዛው የመለዋወጫ ጥርቅም ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚጠቀም ሰው ቀን የሚያሳይ ሰዓት የራሱ ፈተና አለው። ቀኑ በየሁለት ዙሩ ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ይቀየራል፤ ሰዓቱ በሐበሻ ከተሞላ ይህ የንጋቱ ወይም የምሽቱ 12 ላይ ይወድቃል። ቆጣሪውን አዙሮ ቀኑ የተቀየረበትን 12 የንጋቱ ማድረግ ይሻላል። እንዲህ በተሞላ ሰዓት ላይ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በፈጣን መቀየሪያው መግፋት ጥርስ ሊሰብር ይችላል፤ እኩለ ቀን ላይ ማድረግ ይሻላል። የቀን ጎማው 31 ቁጥር ስላለው በ30 ቀን ወራት መጨረሻና በጳጉሜን ማለቂያ፣ በዓመት 13 ጊዜ በእጅ ይታረማል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ጊዜ ይበቃው ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚሄድ ባለቤት ቀን የሌለው ሰዓት ዕረፍት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። ቁጥሩ 2497 የሆነው ይህ ሰዓት የፌብሩዋሪን 28ና 29 ሳይቀር ራሱ የሚያውቅ የዘላለም ቀን መቁጠሪያ አለው፤ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን የለበትም። ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ጄኔቭ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሊሸጠው አቅርቦ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት አነሣው፤ በ2017 ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ዋጋውን ያናረው የማሽኑ ብርቅነትና በማስረጃ የተደገፈ ባለቤትነቱ አንድ ላይ ነው። መርካቶ ላይ «የጃንሆይ ሚኒስትር ሰዓት ነበር» የሚለው ወሬ ከደረሰኝ፣ ከተቀረጸ ስም ወይም ከፎቶግራፍ ጋር ካልመጣ ዋጋ ላይ አንዲት ሳንቲም መጨመር የለበትም።

አዲሱ ሰዓት በአንዳንድ ነገር ይበልጣል፤ በቀላሉ የማይጫጫር የሳፋየር መስታወት፣ እውነተኛ ውኃ መከላከያ፣ በአንዳንዱም ማግኔት የማይዘው ሞላ። ችግሩ ኮፒው ነው። ሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ የሚዘልል «ሮሌክስ» በባትሪ የሚሠራ ኮፒ መሆኑ ቶሎ ይታወቃል። ተንሸራታች ቆጣሪ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ርካሽ አውቶማቲክ ማሽንም በሰከንድ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ እየመታ ያንኑ መልክ ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ ውድ ሰዓት ሲገዛ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ሰነዱ ይፈለጋል።

የተገዛ የድሮ ሰዓት መቼ እንደታደሰ ካልታወቀ መጀመሪያ ታጥቦ ዘይት ይቀባ፤ ከዚያም በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ። ደረቅ ማሽን እየሄደ ይበላል፤ መሄዱ ጤናው አይደለም። ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው የውኃ መከላከያ ቃል ያገለገለው ላስቲኩ አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩና የሚያበራ ቀለም ያላቸው ሰዓቶች በአብዛኛው ራዲየም የተቀቡ ናቸው። ራዲየም ከትሪቲየም በተለየ ከሺህ ዓመት በላይ ጨረሩን ይዞ ስለሚቆይ የተሰነጣጠቀ ቀለሙን መፋቅ ወይም ዱቄቱን እፍ ማለት አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለው ፊት እንዳለ ይተዋል፣ ሲከፈትም በእርጥብ ጨርቅና በተሸፈነ አፍንጫ ይያዛል።